ከውጭ አገር በፖስታ ፊርማ ስንጠይቅ የመልሱን ቴምብር በምን እንክፈል? (ከባሕር ዳር)

ሰብለ ጣና

ሰላም ለቤቱ። አንድ ለጀርመን ክለብ ተጫዋች፣ አንድ ለአሜሪካዊት ሯጭ፣ ፎቶአቸው ላይ ፈርመው እንዲመልሱልኝ የምጠይቅበት ደብዳቤ አዘጋጅቻለሁ። እያንዳንዱ ውስጥ ሁለት ፎቶና የባሕር ዳር የሣጥን ቁጥሬ የተጻፈበት የመልስ ፖስታ አለ። የቸገረኝ የመልሱ ሂሳብ ነው። እዚሁ ፖስታ ቤት የገዛሁትን ቴምብር የመልሱ ፖስታ ላይ ብለጥፈው ያገለግላል? ካላገለገለ የእነሱን ቴምብር ባሕር ዳር ሆኜ ከየት ላምጣ? አንድ ሁለት ዶላር ውስጡ ባደርግስ?

የቴምብር ደብተር

ሰብለ፣ እንኳን ሳትልኪ ጠየቅሽ። የእኛ ቴምብር ለመልሱ አያገለግልም። ቴምብር ደብዳቤውን ለሚረከበው ፖስታ ቤት አስቀድሞ የተከፈለ ገንዘብ ነው። መልሱ ከጀርመን ስለሚነሣ መከፈል ያለበት ለጀርመን ፖስታ ነው። የኢትዮጵያ ቴምብር ተለጥፎበት እዚያ ሣጥን ውስጥ ቢገባ ምንም እንዳልተለጠፈበት ይቆጠራል፤ ወይ ለላኪው ይመለሳል፣ ወይ የላቲኗ «ቲ» ማኅተም ይመታበትና ጉድለቱ ከተቀባዩ እንዲጠየቅ ይደረጋል።

ዶላሩን ተዪው። በዓለም ፖስታ ኅብረት ስምምነት ዋስትና በሌለው ተራ ደብዳቤ ውስጥ ሳንቲምም ኖትም መክተት ክልክል ነው። ሕጉ ባይኖርም አይጠቅምሽም። ጀርመን ውስጥ በዶላር ቴምብር አይገዛም፤ በክለብ የደብዳቤ ክፍል የሚሠራ ሰውም ላንቺ ብሎ መንዛሪ ፍለጋ አይወጣም።

የሚያዋጡት መንገዶች ሦስት ናቸው። መልሱ የሚነሣበትን አገር ቴምብር አስቀድመሽ አግኝተሽ መለጠፍ፣ ዓለም አቀፍ የመልስ ኩፖን (እዚያ በቴምብር የሚለወጥ ወረቀት) መላክ፣ ወይም እዚያ አገር ያለ ዘመድ በመካከል ማስገባት። እኔ የመጀመሪያውን እመርጣለሁ። ፈራሚው ከፈረመ በኋላ ፖስታውን አሽጎ ሣጥን ውስጥ ከመጣል በቀር ሥራ አይኖርበትም። ሥራ በጨመርሽበት ቁጥር መልስ የማግኘት ዕድልሽ ይቀንሳል።

ፔዳ ሰፈር

ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፤ ቴምብር ከመፈለግሽ በፊት ግን የመልስ ፖስታሽን በማስመሪያ ለኪው። ሰው ሁሉ ክብደት ክብደት ይላል፣ መልሱን የሚያስቀረው ግን አብዛኛውን ጊዜ የፖስታው መጠን ነው። የየአገሩ ወሰን ይለያያል፦

ጀርመን፦ ተራ ደብዳቤ ቢበዛ 23.5 በ12.5 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 5 ሚሊ ሜትር፣ ክብደቱ 20 ግራም ነው። ወደ ውጭ አገር ከጃንዋሪ 2025 ጀምሮ 1.25 ዩሮ ይከፈልበታል። ክብደቱ እስከ 50 ግራም፣ ውፍረቱ እስከ 1 ሴንቲ ሜትር ከሆነ 1.80 ዩሮ። ወርዱ ከ12.5 ካለፈ ግን 10 ግራም ብቻ ቢመዝንም «ትልቅ ደብዳቤ» ይባልና 3.30 ዩሮ ይሆናል።

አሜሪካ፦ ቁመቱ 15.5፣ ርዝመቱ 29.2 ሴንቲ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር ድረስ ደብዳቤ ነው። እስከ 1 አውንስ (28 ግራም) ወደ የትኛውም አገር ከጁላይ 2025 ጀምሮ 1.70 ዶላር።

እንግሊዝ፦ 24 በ16.5 ሴንቲ ሜትር፣ 5 ሚሊ ሜትር፣ እስከ 100 ግራም ድረስ ደብዳቤ ነው።

አሁን እዚህ መጻሕፍት መደብሮች የሚሸጠውን መካከለኛውን ፖስታ፣ ሲ5 የሚባለውን፣ እዩት። 16.2 በ22.9 ነው። እንግሊዝ ላይ ደብዳቤ ሆኖ ያልፋል። ጀርመን ላይ በወርዱ ምክንያት 3.30 ይጠየቅበታል። አሜሪካ ላይ በግማሽ ሴንቲ ሜትር በልጦ የትልቅ ፖስታ ዋጋ ውስጥ ይገባል፤ የደብዳቤ ቴምብር ለጥፋችሁበት ከሆነ ሂሳቡ ጎደለ ማለት ነው። አንድ ፖስታ ሦስት አገር ላይ ሦስት ዕጣ አለው።

ስለዚህ ለመልሱ ሲ6 ተጠቀሙ፣ 11.4 በ16.2። ለሦስቱም አገር ይሆናል፤ 10 በ15 ፎቶ ሳይታጠፍ ይገባበታል። የጀርመን ክለቦች የሚያሳትሙት የፊርማ ካርድም ብዙውን ጊዜ የኤ6 (የኤ4 ሩብ) መጠን ስለሆነ ልክክ ይላል። ሲ6ን ደግሞ ሲ5 ውስጥ አስገብታችሁ ትልኩታላችሁ፤ ውጪውም ውስጡም ሳይታጠፍ ይሄዳል።

ሐይቅ ዳር

ሲ6 ገበያ ላይ ሁልጊዜ አይገኝም። ረጅሙ ነጭ ፖስታ (11 በ22) ሞልቷል፤ እሱስ?

ፔዳ ሰፈር

ረጅሙ ለጀርመንም ለአሜሪካም በደብዳቤ ዋጋ ያልፋል። ችግሩ ሲ5 ውስጥ ሳይታጠፍ የሚገባው በረጅሙ ጎን ብቻ ነው፤ ፎቶውም ውስጡ ግራ ቀኝ እየተንሸራተተ ጥጉ ይጎዳል። ከተጠቀማችሁበት ፎቶውን በአንድ ነጭ ወረቀት ጠቅልሉት፣ እንዲሞላለት።

ሲ6ን ከአንድ ኤ4 መሥራት ይቻላል። ወረቀቱን 19.2 በ26.4 አድርጋችሁ ቁረጡ። ከግራና ከቀኝ 1.5 ሴንቲ ሜትር ለማጣበቂያ ትታችሁ መካከሉ 16.2 ይቀራል። ወደ ታች ሲለካ 4 ክዳኑ፣ 11.4 ፊቱ፣ 11 ጀርባው። የጎኖቹን ጥጎች በክዳኑና በጀርባው በኩል ቆርጣችሁ አውጡ፣ ጀርባውን አጥፋችሁ ጎኖቹ ላይ አጣብቁ። 80 ግራሙ (አንድ ካሬ ሜትሩ 80 ግራም የሚመዝነው) የፎቶ ኮፒ ወረቀት ውስጡን ያሳያል፣ ቶሎም ይቀደዳል፤ 100 ግራሙን ጠይቁ። ማጣበቂያው በደንብ ሳይደርቅ ክዳኑን አትጠፉት።

ከፍራንክፈርት

እዚህ የምኖር የባሕር ዳር ልጅ ነኝ፤ የጀርመኑን ነገር ልጨምር።

ከኢትዮጵያ ሆኖ ለጀርመን መልስ ለመክፈል ቀላሉ መንገድ የዶይቸ ፖስት የኢንተርኔት ቴምብር ነው። ስሙ «ኢንተርኔትማርከ» ይባላል። እዚህ ያለ ዘመድ ድረ ገጹ ላይ ገብቶ «ደብዳቤ፣ ወደ ውጭ፣ እስከ 20 ግራም» ብሎ ይገዛል፣ የሚወጣውን ፒዲኤፍ በቴሌግራም ይልክላችኋል፣ እናንተ ፔዳ በር ካሉት ማተሚያዎች በአንዱ አሳትማችሁ ትለጥፋላችሁ። ቴምብሩ ራሱ ባሕር አቋርጦ መምጣት የለበትም።

የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። አታሚው ገጹን ለማስገባት ብሎ በ95 ወይም በ90 ፐርሰንት ሊያሳንሰው ይችላል፤ ባለ ነጠብጣቡ ኮድ ያኔ ላይነበብ ይችላል። «በትክክለኛ መጠኑ፣ 100 ፐርሰንት» በሉት። በቀለም ርጭት የሚሠራው አታሚ ሲረጥብ ይፈሳል፤ በሌዘር አሳትሙ። ኮዱ ላይ ግልጽ ፕላስተር አትለጥፉ፣ ብርሃን ሲያንጸባርቅ ንባቡን ያውከዋል። አንዱን ኮድ ሁለት ፖስታ ላይ ማተም ደግሞ ማጭበርበር ነው፤ እያንዳንዱ ለአንድ ጊዜ ብቻ ነው።

ተራውን ቴምብር የሚልክላችሁ ሰው ካለ ደግሞ አስተካክሎ ይግዛ። የአገር ውስጡ 95 ሳንቲም ነው። ሁለቱን ብትለጥፉ 1.90 ስለሚሆን ትከስራላችሁ፤ 95 እና 30 ሳንቲም ብትጨምሩ 1.25 ይሞላል። ዘመድ ቤት መሳቢያ ውስጥ የተገኘ በፌኒሽ (ከዩሮ በፊት በነበረው የጀርመን ሳንቲም) ብቻ የተተመነ አሮጌ የጀርመን ቴምብር ለመላኪያ አይሆንም፤ ከ2002 አጋማሽ ጀምሮ ተሽሯል።

የቴምብር ደብተር

የአሜሪካው ተቃራኒ ነው፤ ይህን ሰብሳቢ ሁሉ ይያዘው። አሜሪካ ከ1861 ወዲህ ያወጣችው ያልተመታ ቴምብር ሁሉ ዛሬም በታተመበት ዋጋ ይሠራል። በየደብተሮቻችን ውስጥ ማኅተም ያላረፈባቸው የ20 ሳንቲም ቴምብሮች ካሉ ስምንቱ ከአንድ ባለ 10 ሳንቲም ጋር 1.70 ይሞላሉ። ሲ6 ላይ ዘጠኝ ቴምብር ለማስፈር ከላይ በስተቀኝ ጀምሮ በሁለት ረድፍ መደርደር ነው፤ አድራሻውን ትንሽ ወደ ታች አውርዱት። ሙጫው የደረቀባቸውን ምላስ አያነሣቸውም፤ በቀጭኑ የማጣበቂያ ዱላ ለጥፉ። አንድ ጊዜ ተመትቶ የታጠበ ቴምብር ግን በጭራሽ አይለጠፍ።

የሚገዛ ሰው ካላችሁ «ግሎባል ፎርኤቨር» የሚባለውን ይጠይቅ። ክብ ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ወረቀት 10 ይሸጣል፣ ዋጋ አልታተመበትም። ከ2013 ጀምሮ የወጣ ነው፤ ያኔ 1.10 ዶላር ተገዝቶ የተቀመጠው ዛሬም የ1 አውንስ ደብዳቤ ወደ ኢትዮጵያ ያደርሳል። የአገር ውስጡ «ፎርኤቨር» ግን 78 ሳንቲም ብቻ ነው የሚቆጠረው፤ ሁለቱ 1.56 ስለሚሆኑ አይበቁም፣ ወይ ሦስት ወይ ሁለት ከ14 ሳንቲም ጋር።

ሰብለ ጣና

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ኢንተርኔት ላይ መቶ ፎርኤቨር በግማሽ ዋጋ የሚሸጡ ገጾች አየሁ። አሜሪካ ያለችው አክስቴ እዚያ ትግዛልኝ?

የቴምብር ደብተር

አትግዛ። ፖስታ ቤቱ ራሱ አዲስ ቴምብር በግማሽ ዋጋ አይሸጥም፤ እንዲያ የሚቀርበው በብዛት የሐሰት ነው። የአሜሪካ ፖስታ ከፌብሩዋሪ 2023 ጀምሮ የሐሰት ቴምብር የተለጠፈበትን ዕቃ እንደተተወ ቆጥሮ ከፍቶ ሊያስወግደው ይችላል። ለላኪው መመለስ እንኳ የለም፤ የተፈረመው ፎቶ አብሮ ይጠፋል። አክስትሽ ከፖስታ ቤቱ መስኮት ወይም ከራሱ ድረ ገጽ ትግዛ። አንድ ወረቀት ቴምብር ሰው ሲመጣ መጽሐፍ መሐል ይገባል።

ሐይቅ ዳር

የመልስ ኩፖኑን ጋሼ ለምን ወደ ጎን እንዳደረጉት አልገባኝም። ለዚሁ ሥራ የተፈጠረ አይደለም እንዴ? እ.ኤ.አ. በ1906 ሮም ላይ ተስማምተው ያወጡት፣ በየትኛውም የኅብረቱ አባል አገር ለአንድ ተራ የአየር ደብዳቤ የሚበቃ ቴምብር የሚለወጥ ወረቀት ነው። ኢትዮጵያም ከ1908 ጀምሮ አባል ናት።

የቴምብር ደብተር

ኩፖኑን አከብረዋለሁ። ከሁለት ነገር የተነሣ ነው ለፊርማ የማላስቀድመው።

አንደኛ፣ አባል አገር ሁሉ ኩፖን ሲቀርብለት መለወጥ ግዴታው ነው፤ መሸጥ ግን ግዴታው አይደለም። አሜሪካ በጃንዋሪ 2013 መሸጥ አቁማለች፣ እንግሊዝም ትታለች። መሸጥ የቆመበት አገር መስኮት ላይ ያለ ወጣት ሠራተኛ ወረቀቱን አይቶት ስለማያውቅ ሊመልሰው ይችላል፤ ለውጡልኝ ብሎ የሚሟገተው ደግሞ ፈራሚው ነው። ታዋቂ ሰው ይህን አያደርገውም።

ሁለተኛ፣ ጊዜ ያልፍበታል። ማብቂያው ቀን ፊቱ ላይ ታትሟል። አቢጃን የሚባለው ንድፍ 31 ዲሴምበር 2025 ይላል፤ ካለፈ በኋላ ለማንም አይለወጥም። በቅናሽ የሚሸጥ ኩፖን ስታዩ መጀመሪያ ቀኑን ፈልጉ።

ኩፖኑ የሚያምርበት ቦታ አለው። ሬዲዮ አማተሮች ካርድ ሲለዋወጡ፣ ቴምብር ሰብሳቢ ለቴምብር ሰብሳቢ ሲጽፍ፣ ተቀባዩ ራሱ ፖስታ ቤት የሚመላለስ ሰው ነውና ደስ ብሎት ይለውጣል። የአገሩን ቴምብር ከየትም ልታገኙ ለማትችሉበት አገርም እሱው ነው መፍትሔው። ስንት እንደሚያስፈልግ ስትቆጥሩ ግን ተጠንቀቁ፤ አንዱ የሚሸፍነው ትንሹን የደብዳቤ እርከን ብቻ ነው፣ ለትልቅ ፖስታ አንድ አይበቃም።

(እ.ኤ.አ. በ1920 ቦስተን ላይ ቻርልስ ፖንዚ ሰው ያታለለው በዚህ ኩፖን የዋጋ ልዩነት አተርፋለሁ ብሎ ነበር። ዛሬ በስሙ የሚጠራው ማጭበርበር መነሻው ይቺ ወረቀት ናት።)

ሐይቅ ዳር

እኔ ግን ሙሉ በሙሉ አልስማማም። ደብዳቤ የሚጽፉላቸው ሰዎች ሁሉ ኳስ ተጫዋች አይደሉም። ጡረታ የወጡ ሳይንቲስቶች፣ ደራሲዎች፣ የድሮ ሯጮች በየራሳቸው ፖስታ ቤት የሚሄዱ ሰዎች ናቸው። ለእነሱ ቀኑ ያላለፈ ኩፖን ማስገባት ክብር ነው፤ ትርፉን ቴምብርም ለራሳቸው ያደርጉታል። ኩፖኑን ደብዳቤው ላይ በስቴፕለር አትምቱት እንጂ፤ የተበሳውን አልቀበልም የሚል አለ።

የቴምብር ደብተር

ለእነሱ እስማማለሁ።

ከዘጌ

እኔ ዘጌ ነኝ፣ የራሴ ሣጥን የለኝም። የመልሱ ፖስታ ላይ ምን ይጻፍ? ቤት ድረስ የሚያመጣ የለም።

ፔዳ ሰፈር

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ሣጥን ያለው ዘመድ ወይም መሥሪያ ቤት ፈልግና ሁለት ስም ጻፍ። በመጀመሪያው መስመር ያንተ ስም፣ ከሥሩ «በእገሌ በኩል» ተብሎ ሣጥኑ የተከራየበት ስም፣ ከዚያ የሣጥኑ ቁጥር፣ ከዚያ ባሕር ዳር፣ መጨረሻ ላይ ለብቻው በትልልቁ የላቲን ፊደል ኢትዮጵያ። የሣጥኑ ባለቤት ስም ከሌለበት የሚለየው ሠራተኛ ስምህን ከቁጥሩ ጋር ማገናኘት ያቅተውና ወደ ጎን ያስቀምጠዋል። ስልክ ቁጥርህን ከሥር በትንሹ ጨምር፤ የእኛ ሰዎች ሲቸግራቸው ይደውላሉ። ለባለ ሣጥኑም ደብዳቤ እየጠበቅህ መሆኑን ንገረው፤ ሳይከፈት የሚከርም ሣጥን ብዙ ነው።

ሁሉም በላቲን ፊደል ይሁን፣ እዚያ የሚያነሣው ማሽን ነውና። በአማርኛ መድገም ከፈለግህ በጀርባው አድርገው፤ ፊት ለፊት ከታች በኩል 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ባዶ ተው፣ የመለያው መስመር የሚታተምበት ቦታ ነው። በላይ በስተግራ ደግሞ የፈራሚውን አድራሻ በትንሹ ጻፍ። መልሱ ሳይደርስ ቢመለስ ወደዚያ ይሄዳል፤ ሲደርስም ከማን እንደመጣ ታውቃለህ። ብዙ ሰው ፊርማውን ብቻ ከትቶ ይልካል፣ ፊርማ ደግሞ ሁልጊዜ አይነበብም።

ሰብለ ጣና

ሚዛኑን ብታሰሉልኝ ደስ ይለኛል። እና ቴምብሩን ለጥፌ ነው የምልከው ወይስ ሳልለጥፍ?

ፔዳ ሰፈር

ኤ4 የ80 ግራም ወረቀት 5 ግራም ይመዝናል፣ ግማሹ ኤ5 ደግሞ 2.5። ሲ6 ፖስታ 3.5 ገደማ፣ ሲ5 7 ገደማ። 10 በ15 ፎቶ በወፍራሙ የፎቶ ወረቀት 4 ግራም።

ከዚህ የሚሄደው፦ ሲ5 ሰባት፣ ውስጡ ሲ6 ሦስት ተኩል፣ ደብዳቤ በኤ4 አምስት፣ ሁለት ፎቶ ስምንት። 23.5 ግራም ሆነ፤ 20ን አለፈ፣ ቀጣዩን እርከን ትከፍያለሽ። ደብዳቤውን በኤ5 ጽፈሽ ፎቶውን አንድ ብታደርጊው 17 ላይ ይቆማል (ከታች የምጠቅሰውን የ4.5 ግራም ካርድ ከጨመርሽበት ግን 21.5 ይሆናል)። ደብዳቤው አጭር መሆኑ ለራሱም ጥሩ ነው፤ የሚያነበው ሰው ፊት ክምር አለ። በቤት ሚዛን አትተማመኚ፣ መስኮቱ ላይ አስመዝነሽ ቴምብሩን እዚያው ለጥፊ።

የሚመለሰው፦ ሲ6 ሦስት ተኩል፣ ፎቶ አራት፣ ሁለት ቢሆን ስምንት፣ እንዳይታጠፍ በፎቶው ልክ የተቆረጠ የ300 ግራም ካርድ 4.5። ሁሉም አንድ ላይ 16 ግራም ነው፣ ከ20 በታች። ካርዱ ግን የሚተጣጠፍ ዓይነት ይሁን። የካርቶን ጠፍ ከሆነ አሜሪካ ላይ ማሽን የማያልፈው ደብዳቤ ተብሎ ተጨማሪ ይጠየቅበታል፤ ለጀርመንም ውፍረቱን ከ5 ሚሊ ሜትር ሊያሳልፈው ይችላል። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ የሠርግ ጥሪ ፖስታም አሜሪካ ላይ እንደዚያው ተጨማሪ አለበት።

መለጠፉን፦ ፎቶ ራስሽ ልከሽ የሚመለስልሽ እሱው ከሆነ መጠኑ ይታወቃል፣ ለጥፈሽ ላኪ። ሰውየው የራሱን ፎቶ እንዲልክልሽ ከጠየቅሽ መጠኑን አታውቂም፤ ያኔ አንድ ሁለት ቴምብር ሳይለጠፍ ጨምሪ። ራሱ የሚጣበቀውን ቴምብር ከመደቡ ወረቀት ሳትልጪ ከነመደቡ በመቀስ ቁረጪው። በወረቀት መያዣ ብረት አታያይዢ፤ ፎቶው ላይ ጉድጓድ ይተዋል፣ በክረምት ደግሞ ይዝጋል። ከደብዳቤው እጥፋት ውስጥ በትንሽ ግልጽ ከረጢት ይቀመጥ። ደብዳቤው ላይም «የመልሱ ሂሳብ ተከፍሏል» የምትል አንዲት መስመር በእንግሊዝኛ ወይም በጀርመንኛ አድርጊ።

ከዘጌ

ክረምትን ካነሣችሁ አይቀር፣ የሐይቁ እርጥበት የመልሱን ፖስታ በራሱ ያጣብቀዋል። ፈራሚው ጋር ሲደርስ ክዳኑ ተዘግቶ፣ ሲከፈት ተቀዶ ይገኛል። ከሐምሌ እስከ መስከረም ሙጫ ያለበትን ክዳን ከጀርባው ጋር የሚለይ የሰም ወረቀት ጣል አድርጉበት፤ ተለጣፊ ከተላጠ በኋላ የሚቀረው የመደቡ ወረቀት ጥሩ ይሠራል። ባለ ሙጫ ቴምብርም እንደዚያው ነው፤ ፊት ለፊት ተደራርቦ አይቀመጥ። የፎቶው ለስላሳ ፊት ቴምብሩን ወይም ፖስታውን እንዳይነካ በአንድ ቀጭን ወረቀት ይሸፈን።

ሐይቅ ዳር

ሪኮማንዴ (ተቀባዩ ፈርሞ የሚረከበው) አድርጋ ትላከው ወይስ በተራ?

የቴምብር ደብተር

ክለብ ወይም ቢሮ ከሆነ ሪኮማንዴ ጥሩ ነው፤ ፈርሞ የሚረከብ ሰው አለ፣ መጨረሻው «ኢቲ» በሆነው ባለ 13 ፊደልና ቁጥር መለያ መድረሱን ታያላችሁ። ለግለሰብ ቤት ወይም ለፖስታ ሣጥን ግን ማስታወቂያ ወረቀት ይተውለትና ሄዶ ማምጣት ይኖርበታል፤ ያላወቀው አገር ደብዳቤ ሲሆን ብዙው አይሄድም፣ ይመለሳል። ለእንደዚያ ያለው በተራ ይሂድ። መለያ ቁጥሩ የሚያገለግለው ለመሄጃው ብቻ መሆኑን አትርሱ፤ መልሱ በተራ ቴምብር ስለሚመጣ አይታይም።

ሰብለ ጣና

እንግሊዝንስ? ቀጥሎ ለአንድ የእንግሊዝ ክለብ ልጽፍ ነው። ድሮ የተሰጡኝ የንግሥቲቱ ምስል ያለባቸው ቴምብሮች አሉኝ።

የቴምብር ደብተር

በጎኑ ባለ ነጠብጣብ ኮድ ያለው ከሆነ ይሠራል። ኮድ የሌለው ተራው የንግሥቲቱ ራስ ያለበት ከ31 ጁላይ 2023 በኋላ አይሠራም፤ ሮያል ሜይል ባለ ኮዱን ይለውጥለታል፣ ለመለወጥ ግን እዚያ ያለ ሰው ቢኖርሽ ይቀልሻል። ለበዓልና ለመታሰቢያ የወጡት ሥዕላዊዎቹ ቴምብሮች ኮድ ባይኖራቸውም በአዲሱ (አንድ ፓውንድ መቶ በሆነበት) ሳንቲም እስከተተመኑ ድረስ ይሠራሉ። የውጭ ዋጋቸው ቶሎ ቶሎ ስለሚጨምር ልትልኪ ስትይ የዚያን ሳምንት ታሪፍ እይ፣ ከዚያ በላይ ትንሽ ጨምረሽ ለጥፊ። መልሱ ወራት ሊወስድ ይችላል፤ በመሐል ዋጋ ቢጨምር የጎደለው 5 ሳንቲም ደብዳቤውን ያስቀረዋል። ለጀርመንም ይኸው ነው። ግሎባል ፎርኤቨር ብቻ ነው ይህ የማያስፈልገው።

ከፍራንክፈርት

ዘመድ በመካከል ስለማስገባት ማንም አላብራራም። ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ፣ እናንተ የጻፋችሁትን ደብዳቤ ከዚህ እኔ አስገብቼ፣ የመልሱ ፖስታ ላይ የፍራንክፈርት አድራሻ ይሆናል። ሁለቱም ጉዞ በጀርመን የአገር ውስጥ ዋጋ ያልቃል፣ ፊርማውም ሰው ሲመጣ በሻንጣ ይደርሳል፤ የመጥፋት አደጋው ከሁሉ ያነሰ ነው። ሌላው፣ ደብዳቤው ከባሕር ዳር ይሄዳል፣ የመልሱ ፖስታ ብቻ ወደ ዘመድ ይዞራል። እኔ ሁለተኛውን እመክራለሁ። የኢትዮጵያ ቴምብር የተለጠፈበት ፖስታ ከክምሩ መሐል ዓይን ይስባል፣ ከሩቅ መምጣቱም ይታያል። ለምን የጀርመን አድራሻ እንደሰጣችሁ ግን ደብዳቤው ላይ በአንድ ዓረፍተ ነገር አስረዱ፤ ካልሆነ ፊርማ ሻጭ ትመስላላችሁ።

ሐይቅ ዳር

የመጨረሻ ጥያቄ ከእኔ። በፎቶ ፋንታ ኮፍያ ወይም ማሊያ ብንልክስ?

ፔዳ ሰፈር

ያኔ ደብዳቤ መሆኑ ቀርቶ ዕቃ ይሆናል፤ የጉምሩክ መግለጫ ሲኤን 22 ይሞላል፣ መረጃውም አስቀድሞ በኤሌክትሮኒክ መንገድ መተላለፍ አለበት። አሜሪካ ከ29 ኦገስት 2025 ጀምሮ ለአነስተኛ ዋጋ ዕቃ የነበረውን የቀረጥ ነፃ መብት አንሥታለች፤ ደብዳቤና ሰነድ አልተነካም። መልሱ ደግሞ ከዚህ ይከብዳል። ፈራሚው ዕቃ ወደ ኢትዮጵያ ሲልክ ራሱ የጉምሩክ ወረቀት መሙላት አለበት፣ በአንድ ግሎባል ፎርኤቨርም አይሄድም፣ እዚህም ስትረከብ ቀረጥ ሊጠየቅ ይችላል። ማሊያ ከሆነ በሰው እጅ ይሂድ፣ በሰው እጅ ይምጣ። በፖስታ የሚጠየቀው ፎቶና ካርድ ይሁን።

ሰብለ ጣና

ገባኝ። ለጀርመኑ የ1.25 ዩሮ ኢንተርኔት ቴምብር በሲ6 ላይ፣ ለአሜሪካዋ አንድ ግሎባል ፎርኤቨር፣ ደብዳቤ በኤ5፣ አንድ አንድ ፎቶ፣ ክዳኑ መሐል የሰም ወረቀት። ፍራንክፈርት ያለኸው ወንድሜ፣ ኮዱን የት ልለጥፈው፣ የቴምብሩ ቦታ ላይ ነው?

ከፍራንክፈርት

አዎ እህቴ፣ ከላይ በስተቀኝ። ከጠርዙ አንድ ሴንቲ ሜትር ገባ አድርጊው፣ ዙሪያውን ነጭ ይተው፣ ቡናማ ፖስታ ላይ ከሆነም በነጭ ወረቀት አትመሽ ለጥፊ።